በሸክላው ጀርባ

ልባሱ ተልጦ፣ ጥጉ ተጨራምቶ፣
የሻይ ብርጭቆ ክብ ግንባሩ ላይ ቀርቶ፣
ሸክላ ነውና ስሙ፣ ሳይሰበር ሰንብቶ፣
ይኸው ሃምሳ ዓመቱ፤ እኔ ዘንድ ነው ያለ፤
ጀርባው ላይ በደቃቅ እንዲህ የሚል አለ፦

«ኢድዋል — ሊድ ጊታር፣ ቀይ፤ ባለ መቶ ዋት ማጉያ፣ ሁለት ሣጥን።
ሃወል — ቤዝ ጊታር፣ ባለ አራት ክር።
ኔስታ — ኦርጋን፣ ከሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ጋር።
ኤምሊን — ሰባት ከበሮ፣ አምስት የነሐስ ሳህን።
ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ፤
ፖርት ታልበት፣ የብረት ሠራተኞች አዳራሽ፣ በክረምት።»

ይኸው ነው። ሐሰት የለበትም፤
እውነቱ ግን አይሞላበትም።

እኔ ዕቃ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ስሜ የለም፤ ግድ የለኝም፤
የኦርጋኑ ክብደት ግን ዛሬም ከትከሻዬ አልወረደልኝም።
አርባ ሁለት ጠባብ እርከን፣ እንደ ሬሳ ሣጥን ለአራት ስናዘልቀው፣
ያቃስት የነበረው እኛ ነን ወይስ እንጨቱ? ማን አወቀው።

አልተጻፈም ጡቡ፦
ኤምሊን ሲረግጠው ትልቁ ከበሮ ወደ ፊት እየሸሸ ቢያስቸግረው፣
ከጓሮ አጥር ነቅዬ ፊቱ የገተርኩት፣
«ከዚህ አትለፍ» ያልኩት ድንበሩ እሱ ነው።

አልተጻፈም የሃወል አውራ ጣት። ብረት ማቅለጫ ይውላል፤
አንድ ጊዜ ምድጃው ልሶት ጥፍሩን ወስዶታል።
ያ ቤዝ እንዲያ ወፍሮ፣ እንዲያ ደንቁሮ ደረት የሚገፋው
በማጉያው አይደለም።
በጠባሳው ነው።

ኔስታም ጫማዋን አውልቃ ነው ፔዳሉን የምትረግጥ፤
እሑድ በጸሎት ቤት፣ ከዘማሪዎቹ ፊት ስትቀመጥ
እንደምታደርገው።
«እንዳያንሸራትተኝ ነው» ትላለች። ይሁን።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ የኢድዋል ክር ተበጠሰ፤
መቃኛው አብሮ ተነቀለ፤ ቀዩ ጊታር አነከሰ።
ወደ መጋረጃው ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ያንተን!»

የእኔን?
ኮምፔንሳቶ ፊቱ፣ ቀለሙ እንደ ወጥ ቤት በር፣
የስድስት ወር ዕዳ ገና ያለበት ጊታር?

ሰጠሁት።

አራት ዓመት ሳባብለው እንደ ተረገጠ ድመት ሲጮህብኝ የኖረው
በኢድዋል ጣት አንዴ ሲነካ፣ ምን እንዳስታወሰ እንጃ፣ ተናገረው።
ማቅለጫው በሌሊት አፉን ሲከፍት የከተማው ሰማይ እንደሚቀላ
አዳራሹ ቀላ።
ቢራ ቀጂው መቅዳት ተወ። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ።
እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በጀርባዬ ነው፤
ፒንሳ ይዤ፣ ተንበርክኬ፣ የቀዩን መቃኛ ሳጠብቅ።

ውጭ፣ ዝናብ በሚደበድባት መኪና ውስጥ፣
የመቅረጫው ሰው ሚስተር ታስከር ሲጋራውን ሊለኩስ ዞር ባለበት
ጥቅሉ አልቆ፣ የክሩ ጫፍ ባዶ አየር ይገርፍ ነበር፤
ጠፍ። ጠፍ። ጠፍ።

አንዱ ክር ተበጥሶ፣ አንዱ ክር አለቀ፤
የእኔ ጊታር ሌሊት በመሀል ወደቀ።

አዲስ ጥቅል አውጥቶ፣ ለማሽኑ አጉርሶ፣ ቁልፉን እስኪጫን
ዘፈኑ አበቃ።
ስለዚህ ጽሑፉ አልዋሸም፤ ሸክላው ላይ ያለው ቀዩ ብቻ ነው።
ያንን የሰሙት ስድስት መቶ ሰዎች ናቸው፤
ማቅለጫው ተዘጋ፤ እነሱም በየተራ እየሄዱ ነው፤
ኢድዋል ራሱ ከመሞቱ በፊት «የትኛው ጊታር?» ብሎኛል።

ግን መርፌውን ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከጭብጨባው ጫፍ አሳርፉት።
ከመጀመሪያው ምት በፊት አንድ «ጧ!» አለ፣
ከኋላው አጭር እዝዝታ።
ልጄ ብልሽት ነው ይላል፤ በኮምፒውተር ላጥፋልህ ይላል።

ተው።
እኔ ነኝ፤
የእኔን ነቅዬ
የእሱን ስሰካ።